ማሰሪያ ያለው ቢጋር፦ ተማሪዎች ድርሰት ከመጻፋቸው በፊት ሐሳባቸውን ስለሚያደራጁበት ዘዴ

በአማርኛ ቋንቋ ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተነግሮለት ጥቂት ጊዜ ብቻ በሥራ ላይ የሚውል መመሪያ ቢኖር፣ ተማሪው ድርሰቱን ከመጻፉ በፊት ቢጋር ያዘጋጅ የሚለው ነው። ቀደም ባሉት የመማሪያ መጻሕፍት «አስተዋጽኦ» ይባል የነበረው፣ ያ ቃል ዛሬ በአብዛኛው ለሌላ ትርጉም ስለዋለ «ቢጋር» በሚለው ስም ይበልጥ የሚታወቀው ይህ የሐሳብ ንድፍ፣ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ አለ፤ በተማሪው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ በትምህርት ዕቅዱም ላይ ይሰፍራል። በተማሪው ደብተር ላይ ሲፈለግ ግን ወይ ጭራሹን አይገኝም፣ ወይም ድርሰቱ ካለቀ በኋላ መምህሩን ደስ ለማሰኘት ከድርሰቱ ተለቅሞ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት የተማሪው ስንፍናና የመምህሩ የጊዜ እጥረት ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን ከሁለቱ የሚቀድም ሌላ ምክንያት አለ። ይኸውም ቢጋር እየተባለ ለተማሪው የሚሰጠው ነገር ራሱ ባዶ መሆኑ ነው። ባዶ ነገር እንደማይረዳው የተገነዘበ ተማሪ ቢተወው የሚያስደንቅ አይደለም።

ጉዳዩን በተጨባጭ ምሳሌ ለመመልከት ይቻል ዘንድ የደራን አካባቢ መውሰድ ይጠቅማል። ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአርሲ ዞን የዶዶታ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። አካባቢዋ የስምጥ ሸለቆው ዝናብ አጠር ምድር ነው። በስተደቡብ የአርሲ ደጋ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሌላው ወገን አዋሽ በዝቅታው ይፈሳል። ገበሬው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ቦሎቄ ይዘራል፤ ከመዝራቱ በፊትም ሆነ ከዘራ በኋላ ሰማይ ሰማይ ያያል። በዚህ አካባቢ ያደገ ልጅ ስለ ዝናብና ስለ ውሃ የሚያውቀው ነገር ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። ቢጠየቅ የትኛው ማሳ ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛው ሰብል ዝናብ ሲቋረጥ እንደሚጨነግፍ በቃል ያስረዳል።

ይኸው ልጅ «የዝናብ እጥረት» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፍ ሲባል ግን ብዕሩ የሚጀምረው «ውሃ ለሰው ልጅ፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት እጅግ አስፈላጊ ነገር ነው» በሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ማንኛውም መምህር ከወዲሁ ሊናገር ይችላል። የዝናብ እጥረት ብዙ መንስኤዎች አሉት፤ ብዙ ጉዳቶችም ያስከትላል፤ ስለዚህ ሁላችንም ዛፍ መትከል ይገባናል። ደራ በድርሰቱ ውስጥ የለችም። ጎርፉ የለም፤ ማሳው የለም፤ ልጁ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ከደብተሩ ውጭ ቀርቷል። መምህሩ በቀይ ብዕር የሚያርመው ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ የሚታረም ሐሳብ የለምና።

ርእስ ብቻ የያዘ ቢጋር

ለእንዲህ ያለው ድርሰት ብዙ ጊዜ ከፊቱ ቢጋር ነበረው። የተለመደው ቢጋር «መግቢያ፦ የዝናብ እጥረት ትርጉም፤ ሐተታ፦ የዝናብ እጥረት መንስኤ፣ ጉዳትና መፍትሔ፤ መደምደሚያ፦ ማጠቃለያ» የሚል ነው። መልኩ የተስተካከለ ነው፤ ቁጥርና ፊደል ተሰጥቶታል፤ ዐቢይና ንዑስ ክፍሎች አሉት። ይሁን እንጂ «የዝናብ እጥረት» የሚለው ተሰርዞ በቦታው «ወባ» ቢገባ ይሠራል፤ «የመሬት መሸርሸር» ቢገባ ይሠራል፤ «ሥራ አጥነት» ቢገባም እንዲሁ። ለሁሉ ርእስ የሚሆን ቢጋር የማንኛውም ርእስ ቢጋር አይደለም፤ የመደርደሪያ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ምን ያህል ክፍል እንዳለው ተማሪው ያውቃል፤ ምን እንደሚያስቀምጥበት ግን ገና አላሰበም። አስቸጋሪው ደግሞ ክፍሎቹን በመቁጠሩ ብቻ ያሰበ ስለሚመስለው ነው።

መምህሩም በዚህ ይታለላል። በሠንጠረዥ የተደረደረ ነገር ሲያይ «ተማሪው ሐሳቡን አደራጅቷል» ብሎ ምልክት ያደርግለታል። ሳይታሰብ የተደራጀ ነገር ግን ሐሳብ ሳይሆን ርእስ ነው።

ይህን ችግር የአማርኛ ጠባይ ያብሰዋል፤ መፍትሔውም ከዚያው ከአማርኛ ጠባይ ይገኛል። በአማርኛ የዐረፍተ ነገሩ ፍርድ ያለው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ነባሩ ሰዋስው ይህን ዐረፍተ ነገር ቋጪ ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይለዋል። «የደራ ገበሬ በዝናብ እጥረት ምክንያት…» ተብሎ ቢቆም ተናጋሪው ገና ምንም አላለም፤ ተጎዳ ይሁን፣ ተሰደደ ይሁን፣ አዲስ ዘዴ ተማረ ይሁን የሚታወቀው ማሰሪያው ሲመጣ ነው። እንግዲህ በስም ብቻ የሚጻፍ የቢጋር መሥመር፣ «የዝናብ እጥረት ጉዳት» እንደሚለው ያለ፣ በትክክል ፍርዱ የሚነገርበትን ቃል ቆርጦ የጣለ መሥመር ነው። ተማሪው ማሰብ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሲደርስ እንዲያቆም ተፈቅዶለታል ማለት ነው። (በነባሩ አጠራር ግሱም «አንቀጽ»፣ የድርሰቱም ክፍል «አንቀጽ» መባሉ በአጋጣሚም ቢሆን መልካም ማስታወሻ ነው፤ ግስ ከሌለው መሥመር የሚወለድ አንቀጽ እምብዛም አይገኝም።)

ስለሆነም ለመምህራን የሚቀርበው ሐሳብ አንድና ቀላል ነው። እያንዳንዱ የቢጋር መሥመር ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሁን።

ማሰሪያው የሚያስገድደው ነገር

ይህ ትንሽ የሚመስል ግዴታ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ደራው ተማሪ እንመለስ። በመጀመሪያ የሚያውቀውን ሳይመርጥ ይዘርዝር። ዝናቡ ዘግይቶ ይጀምራል፤ ቶሎ ያቋርጣል፤ ጤፍ ሳያፈራ ይደርቃል፤ ከብት ይከሳል፤ ከደጋው ጎርፍ ይወርዳል፤ ጎርፉ አፈር ይጠርጋል፤ ከቦሩ ወንዝ ጎርፍ እየተጠለፈ ማሳ የሚጠጣበት መስኖ አለ፤ ቦሎቄ ቶሎ ይደርሳል፤ አዋሽ ቅርብ ሆኖ ሳለ ማሳው ግን ይጠማል፤ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ አዳማ ይሄዳሉ። ይህ ዝርዝር ገና ቢጋር አይደለም፤ ነገር ግን ከላይ ከታየው ሣጥን ጋር ሲነጻጸር በደራ ምድር ላይ የቆመ ነው።

ቀጥሎ መምህሩ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። «ከዚህ ሁሉ ተነሥተህ ለማያውቀው ሰው ምን ልታስረዳ ትፈልጋለህ? በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገር።» እዚህ ላይ ተማሪው ይቸገራል፤ መቸገሩም ተገቢ ነው። የመጀመሪያው መልሱ «የዝናብ እጥረት መጥፎ ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። ማሰሪያ አለው፤ ሆኖም ማንም የማይቃወመውን ነገር ስለሚናገር የሚያስረዳው የለም። ሁለተኛ ጊዜ ዝርዝሩን ሲመለከት ግን ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ነገሮችን ጎን ለጎን እንደጻፈ ያስተውላል፤ ውሃ ያጥራል፤ ጎርፍ ይወርዳል። ከዚህ ግጭት አንድ ሐሳብ ይወለዳል። «የደራ ገበሬ የሚጎዳው ዝናብ በማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ የሚመጣውም ውሃ ሳይያዝ በመፍሰሱ ጭምር ነው።» ይህ ሊጠየቅ፣ ሊከራከሩበት፣ ማስረጃ ሊጠራበት የሚችል ዐረፍተ ነገር ነው። የድርሰቱ ማሰሪያ ይህ ነው።

አሁን ቢጋሩ የሚከተለውን መልክ ሊይዝ ይችላል።

ሀ. ዝናቡ ዘግይቶ ይጀምርና ሰብሉ ሳያፈራ ያቋርጣል።
ለ. በደጋው የዘነበው ውሃ ግን በጎርፍ መልክ ማሳውን እየጠረገ ወደ ዝቅታው ይወርዳል።
ሐ. ከቦሩ ወንዝ እየተጠለፈ ወደ ማሳ የገባው ጎርፍ ያንኑ ያጠፋ የነበረውን መሬት አጠጥቷል።
መ. ጎርፍ የማይደርስበት ማሳ በአጭር ጊዜ የሚደርስ ዘር ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው መሥመር ተማሪውን ወደ አዲስ ዕውቀት ይገፋዋል። በአጭር ጊዜ የሚደርስ ዘር ከየት ይገኛል? ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል፤ ዝናብ አጠር ለሆኑ ቦታዎች የሚስማሙ የቦሎቄና የሌሎች ሰብሎች ዝርያዎች ከዚያ ወጥተዋል። ተማሪው በአውቶቡስ ሲያልፍ ሰሌዳውን አይቶት ይሆናል። ማሰሪያ ያለው መሥመር ባይጽፍ ኖሮ ግን ያየውን ሰሌዳ ከሚጽፈው ድርሰት ጋር የሚያገናኝበት ምክንያት ባልኖረው ነበር።

የመሥመሮቹን ቅደም ተከተል ለመፈተን አያያዥ ቃላትን ማስገባት ይበቃል። በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል «ነገር ግን» ይገባል፤ በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል «ይሁን እንጂ» ወይም «ሲያዝ ግን»፤ ከ«ሐ» ወደ «መ» ሲታለፍ «ይህ በማይቻልበት ስፍራ»። በየመሥመሩ መካከል ሊገባ የሚችለው ቃል «እንዲሁም» ወይም «በተጨማሪም» ብቻ ከሆነ ግን ተማሪው ዝርዝር እንጂ ክርክር አላዘጋጀም። መሥመሮቹን ማንም ሰው ቦታቸውን ቢያለዋውጣቸው ምንም አይጎድልም ማለት ነው። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ተማሪውም ብቻውን ሊፈጽመው ይችላል።

ከዝርዝሩ ውስጥ ወደ አዳማ የሚሄዱት ወጣቶች የት ገቡ? የትም አልገቡም። እውነት ነው፤ ተማሪውንም ከሁሉ ይበልጥ የሚነካው ይህ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ታላቅ ወንድሙ ከሄዱት አንዱ ይሆናል። ለዚህ ድርሰት ማሰሪያ ግን አይታሰርም። ተማሪው ወይ ይተወዋል፣ ወይ ማሰሪያውን ለውጦ ስለ ወጣቶቹ ፍልሰት ይጽፋል። እውነት የሆነን ነገር ለዚህ ጽሑፍ አይሆንም ብሎ ማስቀረት በድርሰት ትምህርት ውስጥ ከባዱ ልምምድ ነው፤ በቢጋር ላይ አንድ መሥመር መሰረዝ ደግሞ በድርሰት ላይ አንድ ገጽ ከመሰረዝ እጅግ ይቀላል።

ቢጋር ሕግ ስላለመሆኑ

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። አንዳንድ መምህራን ቢጋሩ አንዴ ከጸደቀ ድርሰቱ ከእርሱ ዝንፍ ማለት የለበትም ብለው ያምናሉ። የውጭ አገር ጥናቶች ይህን እምነት አይደግፉም። ጃኔት ኤሚግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት፣ ስምንት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲጽፉ በተከታተሉበት ጥናት፣ ተማሪዎቹ በእርግጥ የሚጽፉበት አካሄድ የመማሪያ መጻሕፍት ከሚያዙት ቅደም ተከተል የተለየ ሆኖ ታይቷል። ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስም እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረቡት ትንታኔ ማቀድ፣ መጻፍና መከለስ ተራ ጠብቀው የሚመጡ ሳይሆኑ እርስ በርሳቸው የሚመላለሱ ሥራዎች መሆናቸውን አስረድተዋል። ተማሪው ሦስተኛውን አንቀጽ እየጻፈ የተሻለ ሐሳብ ቢመጣለት ቢጋሩን ቢለውጥ ሊመሰገን እንጂ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።

በአንጻሩ ደግሞ ሮናልድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት የሙከራ ጥናት አስቀድሞ ቢጋር ማዘጋጀት የጽሑፉን ጥራት እንደሚያሻሽል አሳይቷል፤ ምክንያቱም ሐሳብ መፈለግን፣ ማደራጀትንና በዐረፍተ ነገር ማስፈርን በአንድ ጊዜ መሸከም ለአእምሮ ስለሚከብድ፣ ከሸክሙ ከፊሉ አስቀድሞ ሲወርድ ጸሐፊው ለቋንቋው ፋታ ያገኛል። ከዚያ ጥናት ለኢትዮጵያ መምህር በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው ውጤት ቢጋሩ በወረቀት ላይ ሳይሰፍር በአእምሮ ብቻ ቢዘጋጅም የሚጠቅም ሆኖ መገኘቱ ነው። ለቅኔ ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በቃሉ ነው፤ ምሥጢሩን አግኝቶ፣ ቃላቱን መዝኖ፣ ቤቱን ሞልቶ ሲያበቃ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በቃል ይሰማል፣ በቃል ያርማል። በጃርሱማ ሸንጎ ጉዳዩን የሚያቀርብ የኦሮሞ ሽማግሌም ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሳያስብ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ማስፈር የሚያቅተውን ተማሪ ቢጋሩን ተነሥቶ እንዲናገር ማድረግ የአገሩን ልማድ መከተል እንጂ ከትምህርቱ ማፈንገጥ አይሆንም።

ስለ ቋንቋው ጉዳይም እንዲሁ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። በደራና በአካባቢዋ ብዙው ተማሪ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን የሚማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ይህ ተማሪ ለአማርኛ ድርሰቱ የሚያዘጋጀውን ቢጋር በአፋን ኦሮሞ ቢጽፈው ምን ይጎዳል? አፋን ኦሮሞም እንደ አማርኛ ግሱን በመጨረሻ የሚያመጣ ቋንቋ ነው፤ «ሮብኒ ሂርአቴ» (ዝናቡ አነሰ) ብሎ የጻፈ ተማሪ ማሰሪያ ያለው መሥመር ጽፏል። ሐሳቡን በሚያስብበት ቋንቋ አደራጅቶ ወደ አማርኛ ሲሻገር ትግሉ ከቃላት ጋር ብቻ ይሆናል። በአማርኛ ብቻ አስብ ከተባለ ግን የሚያስበውን ሳይሆን በአማርኛ የሚችለውን ይጽፋል፤ ከላይ የታየው «ውሃ እጅግ አስፈላጊ ነገር ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መምህሩ አፋን ኦሮሞ የማይችል ቢሆን እንኳ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢጋራቸውን እርስ በርስ ማሰማት ይችላሉ።

በክፍል ውስጥ

መምህራን የሚያነሡት ዋናው ተቃውሞ ጊዜ ነው፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱን ድርሰት ለማረም 10 ደቂቃ ቢመደብ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ መምህሩ ሦስት ክፍል ቢኖረው 30 ሰዓት። ከዚህም የተነሣ ድርሰት በመንፈቅ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ሲታረምም ተማሪው ርእሱን ረስቶት ይቆያል። አምስት መሥመር ያለው ቢጋር ግን በሁለት ደቂቃ ይነበባል፤ ለ60 ተማሪ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። የሚበልጠው ጥቅም ደግሞ የእርማቱ ጊዜ ነው። በድርሰት ላይ የሚደረግ እርማት ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ሲሆን፣ በቢጋር ላይ የሚደረገው ግን ተማሪው ገና ሊጠቀምበት በሚችልበት ሰዓት ላይ ይደርሳል።

ሲያርም መምህሩ መጀመሪያ የየመሥመሩን ማሰሪያ ብቻ ያንብብ። ማሰሪያ የሌለው መሥመር ላይ «ምን ሆነ?» ብሎ ይጻፍበት፤ ሌላ አያስፈልግም። ማሰሪያዎቹ ሁሉ «ነው»፣ «ነው»፣ «ነው» ከሆኑም ተማሪው ትርጉም እየሰጠ እንጂ የሆነውን እየተናገረ አለመሆኑን ይጠረጥር። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ በዚህ ደረጃ ባይነኩ ይመረጣል። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲፈትንም ማድረግ ይቻላል፤ ርእሱ ተሸፍኖ ቢጋሩን ብቻ ያነበበ ተማሪ ርእሱን በትክክል መገመት ከቻለ ቢጋሩ ይዞታል ማለት ነው።

ተራኪ ድርሰት ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ድርጊቱ ራሱ ቅደም ተከተል ስላለው፣ ተራኪው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም ከወሰነ በቂው ነው። አመዛዛኝና ገላጭ ድርሰት ላይ ግን ያለ ቢጋር የሚሳካለት ተማሪ ጥቂት ነው።

ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና ለዕቅድ ሠራተኞች የሚቀሩ ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው የመማሪያ መጻሕፍትን ይመለከታል። መጽሐፉ የተዘጋጀ ቢጋር አቅርቦ «በዚህ መሠረት ድርሰት ጻፉ» በሚልበት ጊዜ ከሥራው ከባዱን ክፍል ለራሱ ወስዶ ቀላሉን ለተማሪው ትቶለታል። ተገላቢጦሹ ይሻላል፤ መጽሐፉ አንድ የተሟላ ጽሑፍ ያቅርብና ተማሪው ቢጋሩን ከውስጡ ያውጣ፤ ወይም ያልተደራጀ ዝርዝር ይቅረብለትና ማሰሪያውን ራሱ ይፈልግለት።

ሁለተኛው ፈተናን ይመለከታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ በመሆኑ ድርሰት መጻፍ የማይችል ተማሪ አለመቻሉ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጠው በኋላ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ዘገባ አቅርብ ሲባል፣ ወይም ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ሲያስገባ። በማመልከቻው ራስጌ ላይ «ጉዳዩ፦» የሚል መሥመር አለ። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚፈልግ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ያልቻለ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ሰው ያጽፋል፤ ጉዳዩም ሌላው ሰው እንደገባው ሆኖ ይቀርባል። ብሔራዊው ፈተና እስኪለወጥ ድረስ ትምህርት ቤቶች በራሳቸው ተከታታይ ምዘና ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ለድርሰት ከተመደበው 10 ነጥብ 3ቱ ለቢጋሩ ቢሰጥ፣ እርሱም ድርሰቱ ከመጻፉ አንድ ሳምንት በፊት ተሰብስቦ ቢመለስ፣ እንዲሁም በመንፈቅ ከሚሰጠው አንድ ድርሰት በተጨማሪ ወደ ድርሰትነት የማይለወጡ ሦስት ወይም አራት ቢጋሮች ቢሠሩ፣ በያዝነው የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ያለ ችግር የሚገባ ሥራ ነው።